በስህተት ያለቀስኩላቸው ኳስ ተጫዋቾች

ጠጋ በይ ልጄ፣ ይሄን ልንገርሽ። መስከረም ነበር፤ እዚህ አገር የኮሌጅ ፉትቦል፣ ያ በእጅ ይዘውት የሚሮጡት ኳስ፣ የሚሟሟቅበት። ፌርፋክስ ከተማ፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ከልጄ ከሰላም ጋር ምሳ ስበላ፣ አጠገባችን የነበረ ሽማግሌ ፈረንጅ የድሮ ቡድን ፎቶ አውጥቶ ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ ያወድስልን ጀመር። ሰላም ታስተረጉምልኛለች።

«ይሄ እንደ ነብር ይሮጥ ነበር፤ ይሄ ሦስት ሰው ጥሶ ያልፍ ነበር።»

እኛ ዘንድ ፎቶ ተይዞ ጀግንነት የሚቆጠረው ለሟች አይደል? ደረቴን እየመታሁ አለቀስኩ።

«እኔን ይድፋኝ! ይሄ ሁሉ ለጋ!»

«ኧረ እማዬ፣ አታሳፍሪኝ! ስለ ኳስ ነው የሚያወራው፤ ማንም አልሞተም!»

ሽማግሌው ግን ፎቶው ዳር ላይ የሚስቀውን ልጅ በጣቱ ነካ። «ይሄኛው ልጄ ነው፤ ሞቷል። እስከ ዛሬ አብሮኝ ያለቀሰ ሰው አልነበረም» አለ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮን ይበላ ነበር። የገና በዓል ሳይደርስ ሽማግሌው አረፈ፤ ቀብሩ ላይ ያለቀስኩት እኔ ብቻ ነኝ። ቡድኑ ዘንድሮም ተሸነፈ፣ ሰላም ጌሙን ታያለች፣ እሱ የተወልኝ ፎቶ እኔ ቤት አለ።