በማንኪያ ያልቀለጠው ቅቤ

በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ጥሬ ቅቤ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ቀድሞ የሚመጣብኝ ቅናት ነው።

ልንገርሽ። ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ እኔና ጓደኛዬ ለተግባር ልምምድ ሶዶ ከተማ፣ የምግብ ቁጥጥር ክፍል ተመደብን። የሚያሠሩን ለጡረታ የተቃረቡ ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ጓደኛዬ ገበያ የምትገባው በወላይትኛ እየቀለደች ነው፤ ሻጮቹ ይስቁላታል። እኔ ከኋላ ሆኜ ቅጽ እሞላለሁ። ጋሼ ሻንጣቸውን እንኳ የሚያሲዙት እሷን ነበር። ያቺን እጀታዋ የተላጠ ሻንጣ ምን ያህል እንደተመኘኋት ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ።

እናቴ ቅቤ ነጋዴ ስለነበረች ቅቤን በአፍንጫዬ እለያለሁ። ይህን ግን አፍሬ ለማንም አልነገርኩም።

አንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ደንበኛ የገዛችውን ቅቤ ይዛ አቤት አለች። "ሙዝ ቀላቅላ ሸጠችልኝ!" ተያይዘን ሻጯ ዘንድ ሄድን። ጠና ያሉ እናት ናቸው። ጋሼ ጓደኛዬን "እስቲ እይው" አሏት። በጣቶቿ ስታሸው የሙዝ ክር የመሰለ ቀጭን ነገር ወጣ።

"ሙዝ አለበት፣ ጋሼ።"

እኔም ቆንጥሬ አሸተትኩ። ክሩ የመጠቅለያው ቅጠል ነበር፤ ቅቤው ንጹሕ ነው። ልናገር ስል ጋሼ የጓደኛዬን ትከሻ መታ አድርገው "አንቺ ካልሽ አለቀ" አሏት። ልናገር ያልኩትን ተውኩት። ቢሮ ሄደን ናሙናው በማንኪያ ሲቀልጥ ትፈር፣ አልኩ በሆዴ። በደንቡ ሳይቀልጥ አይወሰንም ነበርና።

ያን ቀን ግን ጋሼ ማቅለጡን አልጠበቁም። ቅቤው ሁሉ ጉድጓድ ተጥሎ ነጭ ጋዝ ተርከፈከፈበት።

"ላሜን አምጥቼ ላስመስክር!" ይሉ ነበር ሴትየዋ። "ከዛሬ በኋላ ማን ይገዛኛል?"

ከሰዓት በኋላ ጋሼ የተረፈችውን ናሙና በማንኪያ ሻማ ላይ ያዟት። ጥርት ብላ ቀለጠች፤ ከሥር የዘቀጠ ነገር አልነበረም። ጋሼ ሻማውን እፍ ብለው አጠፉ። ጓደኛዬ አለቀሰች፤ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"አንቺ አሽተሽው ነበር አይደል?"

ቅጼን ወደ መሙላት ተመለስኩ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጓደኛዬ ገበያው መሃል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሴትየዋን ይቅርታ ጠየቀች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሻንጣውን ግን ዳግመኛ አልያዘችም። እኔ ያዝኩት፤ ከባድ ነበር። ከተመረቅን ወዲህ ደውላልኝ አታውቅም።

አሁን ተቆጣጣሪዋ እኔ ነኝ፤ ሳላቀልጥ አልወስንም። በቅቤ ተራ ሳልፍ እኚያ እናት ይጠሩኛል።

"ነይ ልጄ! ያቺ ለፍላፊ ጓደኛሽ ናት ጉድ የሠራችኝ። አንቺ ጨዋ ነሽ፤ ያን ቀን አንዲት ክፉ ቃል ካፍሽ አልወጣም።"

በቅጠል የጠቀለሉትን ቅቤ ይዘረጉልኛል። ሥራዬ አይፈቅድም ብዬ እጄን እሰበስባለሁ።

እሳቸው ይህንንም ጨዋነት ይሉታል።