የተሰፋው ገጽ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም። ጅማ ቦሳ ኪቶ ባለችው ቸርቻችን ሰው ሁሉ ኃጢአቱን ዘርዝሮ ሲያለቅስ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስለ ሌላ ነገር ስጸልይ ኖሬያለሁ። እኛ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የለንም። ስለዚህ እናንተ ስሙኝ።

የታሪክ ትምህርት ማስተርሴን እየሠራሁ ነበር። ርዕሴ በሊሙ የቡና መንደሮች ስለኖሩ ተራ ሰዎች ነው። ምንጭ ፍለጋ ወራት ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ተጥጄ ከረምኩ። የውጭ አገር ቤተ መዛግብት ያስቀመጧቸውን የመንገደኞች ደብዳቤዎች፣ የድሮ ካርታዎች፣ የደበዘዙ ፎቶዎች አንድ በአንድ አወረድኩ። የሊሙ ሰው እዚያ ውስጥ ስም የለውም። «አንድ ተሸካሚ»፣ «አንዲት ሴት» ይባላል፤ በቃ። አማካሪዬ ደግሞ ባየኝ ቁጥር «ከአገሬው ሰው እጅ የወጣ ጽሑፍ አምጪ» ይለኛል። የሰው ስም ራበኝ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ሊሙ ገነት ከተማ ሐጂ ከማል የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። አባታቸው በአረብኛ ፊደል፣ በኦሮምኛ የጻፉት የቤተሰብ ደብተር አላቸው፤ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን የት እንደተቀበረ። ፊደሉን ለዚሁ ስል አንድ ሴሚስተር ሙሉ ተምሬዋለሁ። ሐጂ ጴንጤ ነሽ፣ ዘርሽ ከደቡብ ነው አላሉኝም። ደብተሩን ፊቴ ዘረጉና በስልኬ ፎቶ እንዳነሳ ፈቀዱልኝ። አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ። መጨረሻው ላይ ሁለት የደብተሩ ወረቀቶች እርስ በርስ ተገጥመው ዙሪያቸውን በነጭ ክር ተሰፍተው ነበር።

«ይቺን አትክፈቻት፣ ማሎ፣ እባክሽ ልጄ» አሉኝ። «አባቴ ናቸው የሰፏት። እኔም ከፍቼ አላየኋትም።»

«እሺ ሐጂ፣ አልነካትም» አልኩ። ያልኩት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት አዛን ሲሰማ ደብተሩንም እኔንም እዚያው ትተው ወደ መስጊድ ወጡ። ምን ያህል ቢያምኑኝ ነው? ከቦርሳዬ የቅንድብ መንቀያዬን አወጣሁና ክሯን ቀስ ብዬ ሳብኳት። አላመነታሁም። ባመነታ ኖሮ ዛሬ ትንሽ ይቀለኝ ነበር። ፎቶ አነሳሁ፣ ክሯን በየቀዳዳዋ መልሼ ሰካሁ። ሐጂ ሲመለሱ ሻይ አስመጡልኝ፤ ጠጣሁት።

ጅማ ተመልሼ አነበብኩት። ፊተኞቹ ገጾች ላይ ልጅና ወንድም ተብለው ከተቆጠሩት መካከል ዘጠኙ የሐጂ አያት በገንዘብ የገዟቸው ባሮች ነበሩ። የሐጂ አባት እነዚያን ሰዎች የራሳቸው ዘር አድርገው ጽፈው፣ መገዛታቸውን ሰፍተው ዘግተውታል። ለምን ቀደው እንዳልጣሉት አላውቅም።

ይህ የማን ምስጢር ነው ብዬ ጠየቅሁ? አልጠየቅሁም። ነውሩ የገዢው እንጂ የተገዛው እንዳልሆነ ማንም ያውቃል፤ አገሩ ግን ለጋብቻ ሲጠያየቅ እንዲህ እንደማያይ እኔ ጅማ ተወልጄ ያደግሁት አጥቼው ነው? ስም አገኘሁ ብዬ ዘለልኩ። ገጹን ማንም በነፃ ገብቶ በሚያየው የኢንተርኔት መዝገብ ላይ ጫንኩት። ዘጠኙን ስሞች ከነልጆቻቸው፣ ፈላጊ በቀላሉ እንዲያገኛቸው፣ በላቲን ፊደል ጻፍኳቸው። ከሥር «ያቀረበችው» ብዬ ስሜን አኖርኩ። አማካሪዬ ሁለት እጄን ጨበጠኝ።

ሰሚራ ሐጂ ቤት ያደገች የዘመዳቸው ልጅ ናት። በሄድኩ ቁጥር ቁጭ ብላ አብራኝ ትጫወት ነበር። ታጭታ ነበር። የወንዱ ወገኖች እንደ ወጉ የዘር ሐረጓን አስቆጠሩ፣ ከዚያ ስልክ አወጡና የቅድመ አያቷን ስም ፈለጉ። እኔ ባስቀመጥኩት ቦታ፣ እኔ በጻፍኩት ፊደል፣ ከዘጠኙ መካከል አገኙት። ጋብቻው ቀረ። እህታችን ሲሏት የኖሩ ዘመዶቿም ሲያዩዋት ዝም ማለት ጀመሩ።

ሐጂ ደወሉልኝ። ሊረግሙኝ መስሎኝ ቆሜ ነው ያነሳሁት።

«የእኛዋ እንደተሰፋች ናት፣ አይቻታለሁ» አሉኝ። «ሌላ ቦታ ሌላ ቅጂ ኖሮ ነው። ልጄ፣ አንቺ ኢንተርኔት ላይ የማታገኚው የለም፤ ይህን ያወጣውን ሰው ፈልጊልኝ።»

«እሺ ሐጂ» አልኩ። አሁንም እሺ። ከዚያ ምን አደረግሁ? ስሜን ከሥር አጠፋሁና «ያልታወቀ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላው ምንጭ ሲያዛባ የምቆጣው እኔ ራሴ አዛባሁ። ደውዬም ያወጣው ሰው አይታወቅም አልኳቸው። መረቁኝ። በኋላ ገጹን ጭራሽ አስነሳሁት፤ ፎቶው ግን በቴሌግራም ሁሉም ጋ ደርሶ ነበር።

ባለፈው ወር ሰሚራ ቤቴ ድረስ መጣች። ሐጂ ለድካሜ ብለው የላኩትን አንድ ፌስታል ቡና ይዛ ነበር። ግቢ አልኳት፣ አልገባችም።

«አባባ አያውቁም» አለችኝ። «እኔ ግን ሳታጠፊው በፊት ስምሽን አይቼዋለሁ።»

ለምን እንዳልነገረቻቸው ጠየቅኋት። ይህን ለመጠየቅስ አፌ እንዴት ደፈረ?

«ልጄ እኮ ነው የሚሉሽ» አለች። «ልጃቸው አይደለሽም መባል እኔ ላይ ይብቃ።»

ፌስታሉ ሳይፈታ ወጥ ቤት ተቀምጧል። ለእውነት ብዬ ነው ያደረግሁት እያልኩ ራሴን ሳባብል ከርሜአለሁ። ለእውነት ከሆነ ስሜን ለምን አጠፋሁ? ለስሜ ብዬ ነው የከፈትኩት፣ ለስሜ ብዬ ነው የዋሸሁት።

ቅዳሜ ሊሙ ገነት እሄዳለሁ። ክሯን የሳብኳት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ይቅር ማለቱ የሰሚራ ነው፣ እሷን ለመለመን ደግሞ አፍ የለኝም። ሐጂ በር ላይ ሲያዩኝ እንደ ልማዳቸው «ልጄ፣ መጣሽ?» ማለታቸው አይቀርም። እሱን ሳይሉ ቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ካሉኝ፣ እንደገና «እሺ ሐጂ» ብዬ ሻያቸውን ጠጥቼ እንዳልመለስ እፈራለሁ።