ጀርባው ያልተሞረደ ዛጎል

ዛጎልን ከእኔ በላይ የሚንቅ ሰው ካለ እጁን ልጨብጠው እፈልጋለሁ። ከባሕር የመጣ ነው ሲባል የሰው ሁሉ ዓይን ይፈዛል። ቀንድ አውጣ እኮ ነው! ክረምት በመጣ ቁጥር ጓሯችን ጎመን ላይ ለሀጩን እያዝረከረከ የሚሳበው፣ እናቴ ጨው እየነሰነሰች የምትገድለው የዚያ ቀንድ አውጣ ዘመድ። ልዩነቱ የባሕሩ ቤቱ ማማሩ ብቻ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አሸዋ ላይ ሲንፏቀቅ ይኖርና ይሞታል፤ ሥጋው ይበሰብሳል፤ ቅርፊቱ ኮልፌ ድረስ መጥቶ የሰው ዕድል ይናገራል።

እኛ ቤት ደግሞ ዛጎል ከሽሮ ይልቅ ሞልቶ ነበር። ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ያሳደገችን አንቀልባ ላይ ዛጎል እየሰፋች፣ ለመርካቶ ነጋዴዎች እያስረከበች ነው። ታላቅ እህቴ ቆዳውን ታለፋለች፤ እኔ የዛጎሉን ጀርባ በድንጋይ እሞርዳለሁ። እብጠቱ ተሞርዶ ካልተከፈተ ክር አያልፍበትም፣ ቆዳው ላይም ተስተካክሎ አይተኛም። ጣቶቼ አብረው እስኪሞረዱ ድረስ ሠርቼዋለሁና ስለ ዛጎል ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈልግም።

ወደ ዘነበወርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ዛጎል ጣይ ሽማግሌ ነበር። ቄሱም ሼኹም ሲያወግዙት ይውላሉ፤ ሰዉ ግን ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል በጓሮ በር ይገባል። ሽማግሌው ዛጎሎቹን በመዳፉ መሀል አሽቶ የፍየል ቆዳ ላይ ይበትናል። አፋቸው ወደ ላይ ከሆነ መንገዱ ተከፈተ ይላል፤ አፋቸውን ከደፉ ተዘጋ። እኔ እስከማውቀው ለማንም ተከፍቶ አያውቅም። የተዘጋበት ሁሉ በሳምንቱ ስኳር ይዞ ይመለሳል። ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም ይባላል፤ ይኼኛው ግን ለሆዱ በደንብ ያውቅ ነበር።

እህቴ ስምንተኛን ጨርሳ ለነርስነት ትምህርት ተመረጠች። አዳሪ ነው፤ ሰኞ ካልተገኘች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እናቴ እሷንም እኔንም አስከትላ ሽማግሌው ዘንድ ሄደች። ጣለ። ሁሉም አፋቸውን ደፉ።

«መንገዷ ደም አለበት» አለ። «ትቅር።»

ነርስነት ደም እንዳለበት ለማወቅ ዛጎል ያስፈልጋል? ልስቅ ስል እናቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። እህቴ ግን አልሳቀችም። «ዕድሌ ነው» አለች፤ ቤት ስንገባም ለጉዞ የቋጠረችውን ልብስ ሳትፈታ ጥጉ ላይ አኑራ ወደ ቆዳዋ ተመለሰች። እንዲህ አንገቷን ስትደፋ ከዛጎሉ ይልቅ እሷን ናቅኋት።

እኔ ያየሁትን እሷ እንዴት እንዳላየች ዛሬም አይገባኝም። የሽማግሌው ዛጎሎች ጀርባቸው አልተሞረደም ነበር። እብጠቱ ያልተነካ ዛጎል በጀርባው አይቆምም፤ ተንከባሎ በአፉ ይደፋል። እኛ ቤት ይህን የማያውቅ አልነበረም።

እሁድ ከሰዓት እናቴ ስትሰፋ ፊቷ ተቀመጥኩና ካልተሞረዱት አንድ እፍኝ ዘግኜ ቆዳው ላይ በተንኩ።

«እዪ እማዬ፣ ደፉ።» ሰብስቤ ደግሜ በተንኩ። «ይኸው፣ አሁንም ደፉ። ነገ ይነጋል ወይ ብለሽ ብትጠይቂያቸውም ይደፋሉ። የራሱን ሞት ያላወቀ ቀንድ አውጣ የእሷን መንገድ ከየት ያውቃል?»

በጥፊ ትለኛለች ብዬ ነበር። መርፌዋን እንኳ አላቆመችም።

«መች ጠፋኝ?» አለች። «እናንተ ሳትወለዱ ጀምሮ ነው እኮ የሰፋሁት።»

«ታዲያ ለምን ወሰድሻት?»

«እሷ ከሄደች ቆዳውን ማን ያለፋል? አትሂጂ ብላት ጨካኝ እናት እሆናለሁ። እሳቸው ሲሏት ግን እንደ ልጅ አርፋ ትቀመጣለች።»

ያኔ ቀንድ አውጣውን ማርኩት። እሱስ ምን ያድርግ፤ አፉን የደፋው ሞቶ ነው።

እህቴ ለካ የውኃ ባልዲ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ባልዲውን አስቀመጠች። ቆዳ ቆዳ የሚሸት እጇን በሳሙና አጠበች፤ ደግማ አጠበች። ዕድሏን እሺ ብላ ተቀብላ ነበር፤ የእናቷን ዘዴ ግን አልተቀበለችም። ጥጉ ላይ ያኖረችውን ቋጠሮ አነሳች።

እናቴ መርፌዋን አሁን አቆመች። «ትምህርት ቤቱ የሚከፈተው ነገ ነው» አለቻት። «ዛሬ የት ልታድሪ ነው?»

«እዚያው በሩ ላይ» አለች እህቴ።