ስድስት ሚሊ የረዘመ እግር

ወረቀት አምናለሁ፤ ሰው አላምንም። እስከ አርባ ሁለት ዓመቴ የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነበር። ምን እንደሚል ሳላውቅ ጣቴን ባሳረፍኩበት አንድ ወረቀት የአባቴ የባሕር ዛፍ ቦታ ለአጎቴ ልጅ ሄደ። ሽማግሌ ሰበሰብኩ፣ ጮኽኩ። «ወረቀቱ እንዲህ ይላል» አሉኝ፤ አለቀ። ቤተ ክርስቲያናችን በምታስተምረው የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ በንዴት።

አናጢ ነኝ። ሶዶ፣ ወደ ሁምቦ በሚወርደው መንገድ ዳር አልጋና ቁም ሳጥን እሠራለሁ። ትንንሽ የእንጨት አውሮፕላን ያስጀመረኝ አንድ ጡረተኛ የአየር ኃይል መካኒክ ነው። ኦቶና አካባቢ ከሴት ልጁ ጋር ይኖራል። ግራ ዓይኑ ጠፍቷል፤ ቀኙም እየተከተለው ነው። በሁለት አውሮፕላን ካለማመደኝ በኋላ ዋናውን ይዞ መጣ፤ ልጁ ከኢንተርኔት አውጥታ ያሳተመችለትን ፕላን። ከላይ፣ ከጎንና ከፊት የተሳለ ባለ አንድ ሞተር አሮጌ የጦር አውሮፕላን ነው፤ ልኩ አንድ ለሃምሳ።

«ዕድሜዬን ስፈታና ስገጥም የኖርኩት እሱን ነው» አለኝ። «ዓይኔ ሳይዘጋ እንደ ነበረው ሆኖ ልየው። ከተሳሳተ ግን አልወስድልህም። ሌላ አውሮፕላን እያየሁ አልታወርም።»

«ጋሼ፣ ወረቀቱ ካልተሳሳተ እኔ አልሳሳትም።»

መጀመሪያ ከፕላኑ ግርጌ የተሰመረችውን የልክ መስመር ለካሁ። ማተሚያ ቤቶች ሥዕሉን ከገጹ ጋር ለማስማማት ሲያጠቡት ልኩ እንደሚጠፋ በፊተኛው ተቃጥዬ አውቃለሁ። ይሄኛው ልክ ነበር፤ ለአንድ ሜትር ሁለት ሳንቲ። ክንፉን ከላይ ለካሁ፣ ከፊት ለካሁ፤ አንድ ናቸው። ደስ አለኝ። ፊደል ሳላውቅ ቃጫ እየቋጠርኩ ነበር የምለካው። አሁን ካሊፐር ይዤ፣ ቁጥር እያነበብኩ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዋንዛ ፈለፈልኩ።

ስጨርስ ሰውየው መጣ። አፍንጫው እንጨቱን እስኪነካ ጎንበስ ብሎ አየ፤ በጣቱም ዳበሰ። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ፈገግ አለ፣ ክንፉ ላይ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ጭራው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ነገር እንደ ፍየል ተነስቷል።»

«አውሮፕላን ነው፣ ጋሼ። ይተኛልህ?»

«ጭራው ከፍ ብሏል እኮ ነው የምልህ!»

«ፕላኑ ነው እንዲህ ያለው።»

«ፕላኑ ይዋሻል።»

ደሜ ፈላ። «የሚዋሸው ዓይንህ ነው» አልኩት። ክፉ ቃል ነው፤ ወጣ አንዴ።

ባርኔጣውን አወለቀና ከቅንድቡ በላይ ያለ ጠባሳ አሳየኝ። «ጎማ ስፈትሽ ቆይቼ ቀና ብዬ ስራመድ የጭራው ክንፍ ጠርዝ ነው የበጣኝ። በል ለካ።»

ግድግዳ አስደግፌ ለካሁት። ከመሬት እስከ ጠባሳው፣ ጫማውን ጨምሮ፣ አንድ ሜትር ከስድሳ አምስት። በፕላኑ ላይ ከመሬት መስመር እስከ ጭራው ክንፍ ሦስት ሳንቲ ከዘጠኝ ሚሊ ነው፤ በእውነተኛው አንድ ሜትር ከዘጠና አምስት። በዚህ ወረቀት ከሄድን ሰውየው ባርኔጣውን እንዳደረገ ከጭራው ሥር ያልፍ ነበር። ጠባሳውን ደግሞ በዓይኔ እያየሁት ነው።

«ከጎማው በላይ ያለችው ቀጭን ዘንግ ስንት ናት?» አለኝ።

«ስምንት ሚሊ።»

ሳቁ ሱቁን ሞላው። «ይሄማ እየበረረ ነው! አሞርዛተር እንዲህ የሚረዝመው አየር ላይ ሳለ ነው። መሬት ሲቆም ክብደቱ ይጫነውና ዘንጉ ወደ እግሩ ውስጥ ይገባል። ሣዪው የሚበረውን እግር ስሎ ከሥሩ መሬት አሰመረለት። ሁለት ሚሊ ተውለት፣ ሌላውን ቁረጥ። የፊቱንም የኋላውንም!»

ሦስቱንም እግሮች ስድስት ስድስት ሚሊ አሳጠርኳቸው። አውሮፕላኑ ቁጭ አለ፤ ከበደ። እኔ እንኳ፣ እውነተኛውን ከሩቅ አንድም ቀን አይቼው የማላውቀው ሰው፣ አሁን ገና ልክ እንደ ሆነ ገባኝ። ሦስት ሳንቲ ከሦስት ሚሊ የሆነች፣ በፕላኑ ልክ ከመሬት እስከ ጠባሳው የምትደርስ የዋንዛ ስንጥር ቆርጬ ከጭራው ሥር አቆምኩ። ጫፏ የክንፉን ጠርዝ ነካች። ሽማግሌው በጥፍሩ ዳሰሳት።

«አንተ ባለጌ» አለኝ፤ «እኔን ነው የቆረጥከኝ።»

«ቁመትህ ይሄው ነው፤ ምን ላድርግህ?»

ይቅርታ አልጠየቅኩትም። በምትኩ እርሳስ አነሳሁና በታተመው ፕላን ላይ፣ ከእግሩ ጎን፣ ጻፍኩ። በታተመ ነገር ላይ የራሴን ቃል ሳሳርፍ የመጀመሪያዬ ነው።

«ምን አልክ? አንብብልኝ» አለ።

«ይህ እግር አየር ላይ ያለ ነው። መሬት ላይ ለሚቆም ስድስት ሚሊ ይቀነስ። የሠራበት መካኒክ የመሰከረው።»

«የመጨረሻዋን ድገማት።»

ደገምኩለት። አውሮፕላኑን በሁለት እጁ ታቅፎ ወጣ።