የጥጥ መዳመጫውን ያነሣሁበት መስተዋት

እኔ ሙሐመድጣሂር የመተማ ፎቶ አንሺ ነኝ። ከእኔ በፊት አልነበረም፣ አሁንም ሌላ የለም። ታዲያ ጥፋቴን በማን ላላክክ? ጣሊያን ሽንፋ ወንዝ ዳር የጥጥ መዳመጫ ፋብሪካ ሲያቆም፣ ለሠራተኞቹ መታወቂያ ወረቀት ፊታቸውን አንሣ ብሎ ቀጠረኝ። ሄድኩ። እንጀራ ነው፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሁሉንም የፋብሪካው በር ላይ እያቆምኩ አነሣኋቸው። በእኛ ሥራ ፊቱ መጀመሪያ የሚያርፈው መስተዋት ላይ ነው፤ ከዚያ በወረቀት ይታተማል። ወረቀቱን ወሰዱ፣ መስተዋቱ እኔ ዘንድ ቀረ።

በ፲፱፻፴፪ ክረምት ጣሊያንና እንግሊዝ ተጣሉና የሱዳን መንገድ ተዘጋ። እህል ጠፋ። ልጆቼ ሲራቡ መስተዋቶቹን አወጣሁ። ሰዎቹ በሕይወት አሉ፣ ወረቀታቸውም ኪሳቸው ውስጥ ነው፣ ማን ይጠይቀኛል አልኩ። በሙቅ ውኃና በአመድ ፈቅፍቄ፣ ለፋኖስ ሠሪ ሰጥቼ ማሽላ ወሰድኩ። የሠላሳ ሰባት ሰው ፊት በልተን ከረምን ማለት ነው።

ኅዳር ላይ የእንግሊዝ አይሮፕላን ፋብሪካውን በቦምብ መታው። ጥጡ ሦስት ቀን ነደደ። የማሽኑ ሠራተኛ ውባንተ ከውስጥ ነበር፤ የሚቀበር አጥንት እንኳ አልተገኘም። ጣሊያንም ጥሎት ሄደ።

የካቲት ላይ የውባንተ ሚስት አየሁሽ መጣች።

«ጋሼ፣ የውባንተን ፊት ያውጡልኝ። እናቱ እማማ አሰበች ለቅሶ አልቀመጥም አሉ። ጋቢውን አልጋ ላይ ዘርግተን ‹አልቅሱ› ብንላቸው ‹ጋቢ ለባሹን ይጠብቃል፣ ፊቱን ሳላይ ሞተ አልልም› ይላሉ። የእሱን ድርሻ ያስቀምጣሉ፣ እሳቸው ግን እህል አይቀምሱም። ሊሞቱብኝ ነው።»

«ፍቄዋለሁ» አልኳት። ለምን እንደፋቅሁትም ነገርኳት።

ልትሰድበኝ ጠበቅሁ። ወላሂ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን «የቀረ መስተዋት አለዎት?» አለች። ገና ሰው ያልተነሣበት አንድ ነበረኝ።

«እንግዲያው የቆመበትን በር ያንሡልኝ።»

አብረን ሄድን። ጣራው ወርዷል፣ ማሽኑ ዝጎ ፍየል ተኝቶበታል። ካሜራዬን ተክዬ ስዞር አየሁሽ ቅጠል ቆርጣ ደጃፉን ትጠርጋለች።

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ቤት መሰለሽ እንዴ? ወና ፋብሪካ ነው!»

«በሩ እኮ ለቅሶ ሊደርስ ነው፤ ከነቆሻሻው ይሂድ?»

አመዱን ጠርጋ እስክትጨርስ ጠበቅኋት። እውነቱን ልናገር፣ ምንም አልተሰማኝም። ሰው የተቃጠለበት ቤት ፊት ቆሜ የማስበው ብርሃኑን ብቻ ነበር። ሆዴ ድንጋይ ከሆነ ሰነባብቷል። አንሥቼ ሄድኩ።

በለቅሶው ቀን አየሁሽ ፎቶውን ጋቢው ላይ አኖረችው። የፈረሰ ግድግዳና የጨለመ በር ብቻ ነው። እማማ አሰበች በሰው ተደግፈው መጡ። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ አየሁሽ ይህን አስባበት ኖሯል።

«የቱ ጋ ነው?» አሉ።

አየሁሽ ጣታቸውን ይዛ በሩ ላይ አሳረፈችው። «ይኸው፣ እዚህ ጋ ቆሟል።»

ለቀስተኛው ሁሉ ያያል፤ የተነፈሰ የለም። አሮጊቷ ግን አላመኑም።

«ፎቶ አንሺው አለ?»

«አለሁ፣ እማማ።»

«በአላህህ ይዤሃለሁ። ልጄን መስሏል?»

ያ ረቢ! በአላህ የተያዘ ሰው አይዋሽም፤ እስላምም ክርስቲያንም የሚፈራው ነገር ነው። አየሁሽ ቀና ብላ አየችኝ። የእማማ አሰበችን እጅ አየሁ፤ ቆዳው ከአጥንቱ ተላቅቋል።

«መስሏል፣ እማማ» አልኩ። «ቁርጥ እሱን።»

ጣታቸው በሩ ላይ እንዳለ «ወይኔ ልጄን!» ብለው ጮኹ። አንድ ጊዜ ከወጣላቸው ወዲያ የሚያቆማቸው አልተገኘም። ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። አየሁሽ ከኋላ አቅፋ ይዛቸዋለች፣ እሷም ታነባለች።

እኔ አላለቀስኩም። እዚያው ቆሜ የውባንተን መልክ ላስታውስ ሞከርኩ። ያነሣሁት እኔ፣ የፋቅሁትም እኔ ነኝ። አልመጣልኝም።