ጀርባውን ለባሕሩ

ሞሪሸስ ላይ፣ ባሕሩን ቁልቁል የሚያሳየው ኮረብታ ጫፍ ከአባቴ ጋር ስንደርስ የመከለያውን ብረት ጨበጥኩ። እጄ ላይ የቀረው የብረት ሽታ ደቡብ አፍሪካ፣ ዳቬይተን ወሰደኝ፤ በብረት ፍርግርጉ ቀዳዳ ዳቦና የሞባይል ካርድ ወደምንሸጥበት የአባቴ ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ።

ስምንት ዓመቴ ሳለ፣ አንድ እሁድ ሱቁን ዘግቶ ጆሃንስበርግ ከተማን ከላይ ወደሚያሳይ ኮረብታ ወሰደኝ። ሰው ሁሉ ከተማውን እያየ ፎቶ ይነሣል። እሱ ብቻ ጀርባውን ሰጥቶ የመጣንበትን መንገድ ያያል። ሱቃችን ሁለቴ ከተዘረፈ ወዲህ በሩን ሳያይ ሻይ እንኳ አይጠጣም ነበር።

«አባዬ፣ ዞረህ እይ እንጂ!» ብዬ ጃኬቱን ጎተትኩት።

«አንቺ እዪልኝ። እኔ ከኋላሽ ያለውን ልይልሽ።»

ኮረብታ የማይወድ መሰለኝና ቤት እስክንገባ አኮረፍኩት።

ዛሬ ጺሙ ሸብቷል። አሁንም ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ፣ ከአውቶቡስ የሚወርዱትን ቱሪስቶች አንድ በአንድ ይቃኛል። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩና እኔም ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

«አባዬ፣ ከኋላህ እኔ አለሁ። አሁን አንተ እይ።»

ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረ።

«ውይ ልጄ! ይሄ ሁሉ ውሃ!» አለ።

እኔ ዓይኔን ከመንገዱ አልነቀልኩም።