አገርነሽ ትሮጣለች

አገርነሽ አርባ ስድስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ መቼ እንደሮጠች አታስታውስም። ሥራዋ ሙዝ ነው። ከጫኖ ገበሬዎች ትረከባለች፣ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ታስጭናለች። አስጫኝ ደግሞ ብዙ አይራመድም። ማንጎ ዛፍ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘለላውን በዓይኑ ይከታተላል፣ አንዳንዴም ይጮኻል። ምሳዋን እዚያው ትበላለች፣ ለስላሳዋን እዚያው ትጠጣለች፣ ሲመሽ በባጃጅ ሲቀላ ሰፈር ወዳለው ቤቷ ትመለሳለች።

ስኳር እንዳለባት ያወቀችው እግሯን እሾህ ወግቷት ነው። ቁስሉ አልድን ሲል ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ደሟ ሲመረመር ስኳሯ ከፍ ብሎ ተገኘ። ግፊቷም እንደዚያው። አላለቀሰችም። ግን ካምባ የምትኖረው ታላቅ እህቷ ልክነሽ ትዝ አለቻት። ልክነሽ በዚሁ በሽታ ቀኝ እግሯን አጥታ በክራንች ነው የምትሄደው።

«እህቴ በስኳር እግሯን አጥታለች፤ እኔም እንደሷ ልሆን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ነርሷ ሲስተር ማራኪ ወጣት ናት፤ ነገር ማለባበስ አትወድም። «መድኃኒቱን ብቻ እየዋጡ ወንበርዎ ላይ ከተቀመጡ ሊሆኑ ይችላሉ» አለቻት። «ይራመዱ፣ እትዬ አገርነሽ። በየቀኑ ይራመዱ።»

ቁስሉ ሲድን መራመድ ጀመረች። ማለዳ ተነስታ ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚያወጣውን ዳገት ትይዛለች። መጀመሪያ ሰሞን ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ፈልጋ ትቀመጥ ነበር፤ እየቆየ ሳትቀመጥ መጨረስ ቻለች። አንድ ቀን ስትመለስ ዝናብ ያዛትና መጠለያ ፍለጋ ሮጠች። አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ደርሳ ስትቆም ልቧ ይደልቃል፣ ልብሷ ከሰውነቷ ተጣብቋል፤ ግን ከልጅነቷ ወዲህ የማታውቀው ደስታ ተሰማት። ዝናቡ ሳያባራ ወጥታ እስከ ቤቷ ሮጠች።

ችግሩ፣ በሰፈሩ አንዲት ትልቅ ሴት በማለዳ ስትሮጥ ከታየች ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። በማግስቱ ስትሮጥ ያየቻት ጎረቤቷ ቦንቱ ነጠላዋን እንደነገሩ ጣል አድርጋ ከግቢዋ ወጣች።

«አገርነሽ! ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም!»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

«እየሮጥኩ ነው!»

ቦንቱ አላመነችም። ሄዳ የአገርነሽን ባል ደግፌን ከእንቅልፉ ቀሰቀሰችው።

ደግፌ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ሰው የሚለው ነገር ያስጨንቀዋል። ቁርስ ላይ ሻዩን ሳይጠጣ «በዚህ ዕድሜሽ? የመዘምራን መሪ ሆነሽ? ሰው ምን ይላል?» አላት።

«ሰውማ እግሬ ሲቆረጥ መጥቶ ይጠይቀኛል» አለችው።

ደግፌ ግን አልተስማማም። እሷም ቱታ ገዝታ ከቀሚሷ ሥር እየለበሰች፣ ሰፈሩ ሳይነቃ ወደ ጫኖ የሚወስደውን አስፋልት መያዝ ጀመረች። እዚያ ደግሞ ገበሬዎቹ ያውቋታል። «አይሱዙው ጥሎሽ ሄደ እንዴ?» እያሉ ይስቁባታል። አብራ ትስቅና ታልፋለች።

እንዲህ እያለች ከረመች። አንድ ጠዋት ክኒኗን ውጣ፣ ቁርሴን ስመለስ እበላለሁ ብላ ወጣች። ከከተማው ራቅ እንዳለች ቀዝቃዛ ላብ አጠመቃት፤ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ መንገዱ ሁለት ሆኖ ታያት። ልቀመጥ ስትል ወደቀች።

አቡበከር የሚባል ባጃጅ ነጂ አይቷት ቆመ። «እናቴ፣ ምን ሆነሻል?» ሲላት፣ ከአፏ የወጣው «ስኳር» የሚለው ቃል ብቻ ነው። የራሱ አባት ይኸው በሽታ ስላለበት ገባው። ከባጃጁ ሚሪንዳ አውጥቶ ጭንቅላቷን ደግፎ በትንሽ በትንሹ አጠጣት። ዓይኗ ሲጠራ አሳፍሮ ጤና ጣቢያ አደረሳት።

ደግፌ ከክፍል ተጠርቶ መጣ፤ እጁ ላይ ጠመኔ ነበረ። «በቃ! ይህ ሩጫ ዛሬ አበቃ!» አለ። በጣም ፈርቶ ነበር። አልተከራከረችውም፤ እሷም ፈርታለች።

ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ግን እንቅልፏ ተበላሸ፣ በትንሽ በትልቁ ከጫኞች ጋር መጣላት ጀመረች። ለምርመራ ስትሄድም ስኳሯ ወደ ላይ ወጥቶ ተገኘ። ሲስተር ማራኪ ባልና ሚስቱን አስጠርታ አስቀመጠቻቸው።

«የወደቁት ስለሮጡ አይደለም። ክኒን ውጠው፣ ምግብ ሳይበሉ ስለሮጡ ነው» አለች። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓት ቀየረላት። ከእንግዲህ ከመውጣቷ በፊት ትበላለች፣ ኪሷ ውስጥ ከረሜላ ትይዛለች፣ ማታ ማታ እግሯን ጣት በጣት ታያለች። «ደግሞም ብቻዎን አይሮጡም» አለቻት ሲስተር ማራኪ።

«ማን አብሯት ሊሮጥ ነው? እኔ ጉልበቴን ያመኛል» አለ ደግፌ።

«ብስክሌት አይደል እንዴ የመጡበት?»

ከዚያ በኋላ ደግፌ በብስክሌት ይከተላት ጀመር። መጀመሪያ ላይ አብረው መሆናቸው እንዳይታወቅ በጣም ርቆ ነበር። ቀስ በቀስ ቀረበ። ኋላ ላይ ጎን ለጎን እየሄዱ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ቤት ክዳኑ፣ ስለ ሁሉም ያወሩ ጀመር። ለዓመታት እንዲህ አውርተው አያውቁም።

በከተማው የአሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ ሲዘጋጅ ተመዘገበች። ደግፌ ለመምህራኑ ሁሉ ነገራቸው። ሩጫው ሳምንት ሲቀረው ግን ለውድድሩ የገዛችው አዲስ ጫማ ተረከዟን ላጠው። ማታ እግሯን ስታይ ቆዳው ተነስቶ ቀይ ሥጋ ይታያል።

«ትንሽ ናት» አለ ደግፌ። «በፋሻ ብትጠቀለል...»

አገርነሽ ካምባ ላለችው እህቷ ደወለች። ልክነሽ የተረከዙን ነገር ሰማች። «የኔም ትንሽ ነበረች» አለች። «ገበያው ይለፍ ብዬ ነው የተውኳት።»

አገርነሽ አልሮጠችም። በሩጫው ቀን ነጠላ ጫማ አድርጋ መንገድ ዳር ቆማ ለሯጮች ሙዝ ስታድል ዋለች። ስቃ ነበር የምትሰጠው፤ ቤት ስትገባ ግን በሩን ዘግታ በንዴት አለቀሰች። ቁስሉ በሁለት ሳምንት ደረቀ።

በዓመቱ ሮጠች። የሴቻን ዳገት ከመካከሉ ጀምራ በእርምጃ ነው የጨረሰችው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ባነሩ ወርዶ ነበር፤ አስተባባሪዎቹም ወንበር ይሰበስባሉ። ከእነሱ አንዱ ከካርቶን ውስጥ ሜዳሊያ ፈልጎ አውጥቶ አንገቷ ላይ አጠለቀላት። ደግፌ ብስክሌቱን ጥሎ እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ፤ ሰው ምን እንደሚል ዞሮ አላየም።

አሁን አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስኳሩ አልለቀቃትም፤ ሐኪሙም ዕድሜ ልክ አብሯት እንደሚኖር ነግሯታል። ከክኒኖቿ አንዱን ግን ቀንሶላታል። ከመዘምራኑ ሁለት ሴቶች አብረዋት ጀምረው አንዷ ተወች፣ አንዷ ቀጥላለች። ዘንድሮ ከጫኖ አልፋ በምዕራብ ዓባያ መንገድ የምትችለውን ያህል ለመሄድ አስባለች። ደግፌ የብስክሌቱ የኋላ ጎማ ሳይቀየር ንቅንቅ አልልም ብሏል።